ትራስ ለምን ከሳ

ባሏን የሥራ ጓደኞቹ «ትራስ» ይሉት ነበር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ወፍራም እንኳ አይባልም፤ ብቻ ሁለመናው ለስለስ ያለ፣ ሲስቅ ሆዱ አብሮት የሚስቅ ሰው ነበር። እሷ ፀጉር ሠሪ ናት። ከተጋቡ ጀምሮ ጠርጥራው አታውቅም። መጠርጠር የጀመረችው ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ያየችው ቀን ነው።

መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ሐኪም ትንሽ ቀንስ ብሎት ቀነሰ፣ አማረበትም። ግን በዚያ አላበቃም። ጉንጩ ጎደጎደ፣ የትከሻው አጥንት ከሸሚዙ ላይ ይቆጠር ጀመር፣ መቀመጫው አልቆ ደረቅ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተው። ጓደኞቹም «ትራስ ትራስ አማረው» እያሉ ሳቁበት። በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ይደርባል። አልጋ ላይ ጀርባውን ይሰጣታል፤ እጇን ስትዘረጋ «ደክሞኛል» ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን «ሥራ አለኝ» ብሎ ውልቅ ነው፤ የመሣሪያ ሳጥኑን ቤት ትቶ።

ለማንም አልተናገረችም። ነገሩን ያባሰችው አንዲት ደንበኛዋ ናት። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጣ የጎረቤቷን ባል ስታማ፣ «በዚህ ዕድሜው ወንድ የሚከሳው ለሚስቱ መስሎሽ?» አለቻት። ፀጉር ሠሪዋ የያዘችው የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

እሱም በበኩሉ ይጠረጥራት ነበር። ስታበስል ኮቴውን ሳያሰማ መጥቶ ከኋላዋ ይቆማል። ገበታ ላይ ደግሞ ሾርባውን በማንኪያ እያገላበጠ ላዩ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ይፈልጋል።

«ዘይት ጨምረሻል?»

«ጠብ አላደረግኩም።»

«ታዲያ ይሄ የሚያብለጨልጨው ምንድን ነው?»

«መብራቱ ነዋ! አንተው የሰቀልከው አምፖል!»

ሳህኑን ገፍቶ ተነሣ። አንድ ገበታ ላይ እየተቀመጡ እንደ ሌባና ፖሊስ ይተያዩ ጀመር።

በቀጣዩ ቅዳሜ ፀጉር ቤቱን ዘግታ ተከተለችው። ሁለት መንገድ ተሻግሮ አንድ ሕንፃ ገባ፤ ደረጃውን የወጣው ግን የመደገፊያውን ብረት እየያዘ፣ መሐል ላይ ቆሞ እያረፈ ነው። «ወደ ውሽማ እንዲህ ይኬዳል?» ስትል ገረማት። ፎቁ ላይ የመስታወት በር አለ። ባሏ ሸሚዙን አውልቆ ቆሟል፤ ጠባብ ቱታ የለበሰች ወጣት ሴት አጎንብሳ ጎኑን ትቆነጥጠዋለች።

በሩን በርግዳ ገባች።

«ቆንጥጪው! እኔ ስነካው ይደክመዋል፤ አንቺ ስትቆነጥጪው ቀጥ ብሎ ይቆማል አይደል?»

ሴትዮዋ አልደነገጠችም። በእጇ የያዘችውን መቀስ የሚመስል መሣሪያ አሳየቻት።

«ሚስቱ ነሽ? እሰይ፣ እግዜር ነው ያመጣሽ። እኔ የጂሙ አሰልጣኝ ነኝ። በዚህ ቆዳውን ይዤ የሰውነቱን ስብ እለካለሁ። ከእንግዲህ አልለካህም ብለው እምቢ ብሎ ይመጣል። ነይ እይው፤ የምይዘው እንኳ አጣሁ፣ ቆዳ ብቻ ነው! ለሰውነት ግንባታ ውድድር የሚከሱት እንኳ መድረክ ለሚወጡባት ቀን ብለው ነው እንጂ እንዲህ ሆነው አይኖሩም። ሐኪም ጋ ውሰጂው።»

ሚስትየው ማመን አቃታት። ጥግ ላይ የነበረውን መጋረጃ ገልጣ አየች፤ ከመወልወያና ከባልዲ በቀር ምንም የለም።

ሐኪሙ ዘንድ ያደረሰችው እየጎተተች ነው። ሐኪሙ ልቡን አዳመጠ፣ ደሙን አስመረመረ።

«የልብ ምትዎ ቀንሷል፣ ሆርሞንዎም ወርዷል» አለው። «ሰው ለጤናው የሚያስፈልገው ስብ ብዙ አይደለም። ወንድ ደግሞ ከሴት ያነሰ ይበቃዋል፤ እሷ ለመውለድም ያስፈልጋታል። ግን ትንሽ ይበቃል ማለት ባዶ ማለት አይደለም! ኩላሊትዎን አቅፎ የያዘው ስብ ነው፣ ሙቀት የሚይዝልዎም እሱ ነው። ብርዱም፣ ድካሙም፣ ከባለቤትዎ መራቅዎም ከዚህ የመጣ ነው።»

ሚስትየው ጆሮዋ ድረስ ጋለች፤ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ተነፈሰች። ባሏ ገና ከበሩ ሲወጣ፣

«የሐኪሙን ሆድ አላየሽም?» አላት። «ጠረጴዛው ላይ አሳርፎት እኮ ነው የሚያወራው! እሱ ሌላ ምን ሊል ኖሯል?»

«ቆይ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚያስፈራህ?»

ሹራቡን ወደ አንገቱ እየሳበ ተራመደ። «አባቴ በእኔ ዕድሜ ነው የሞተው» አለ። «ሆዱ እስከዚህ ነበር። ሱሪው አይገባው፣ ጫማው አይገባው። ውፍረት ነው የገደለው። ልጅ ብሆንም በዓይኔ አይቻለሁ።»

በማግስቱ ሚስትየው እሱን ያሳደገችውን ታላቅ እህቱን ጠራችለት። እህት ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች።

«አባባ ወፍራም? ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

«እናንተው ናችኋ! እናቴም አንቺም። ‹አባትህ ወፍሮ ነው፣ ደህና ነው› አላላችሁኝም?»

እህት የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች።

«ለካ እሱን ይዘህ ነው የኖርከው» አለች። «አባባ ቀጭን ሰው ነበር። ልቡ ታመመና ውሃ ቋጠረ፤ ያየኸው እብጠት ነው። እግሩን ሳጥበው ጣቴ ያረፈበት እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ይቀር ነበር። አንተ እንዳትፈራ ብለን ነው እንደዚያ ያልንህ።»

እሱ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ነሽ ይህን በይ ያልሻት?»

«በአባቴ ሞት ልዋሽ?» ብላ እህቱ ተነሣች። «በል ተው! እጄ ላይ ነው ያለፈው!» አለችና አለቀሰች።

ያኔ ሱሪውን ሰብስቦ ቅልጥሙን በአውራ ጣቱ ተጫነ። አጥንት ነው። ደጋግሞ ተጫነ። ከዚያ በሹራቡ እጅጌ ውስጥ ፊቱን ቀብሮ፣ ገና ዛሬ መርዶ እንደተረዳ ሰው ለአባቱ አነባ።

ወዲያው አልዳነም። አንዳንድ ቀን ጥሩ ይበላል፣ አንዳንድ ቀን ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ይመለሳል። ሐኪሙንም ያለ ጥርጣሬ ሰምቶት አያውቅም፤ ቀጠሮውን ግን አያሳልፍም። ቀስ በቀስ ፊቱ ሞላ፣ ሹራቡን አወለቀ፤ አንድ ማለዳም ሚስቱን ራሱ ጎትቶ አቀፋት።

በዚያው ሰሞን አሰልጣኟ ደወለች፤ የጂሙ መብራት ተቃጥሎ ኖሮ መጥቶ እንዲያየው ነው። ሚስትየው ከእሱ ቀድማ ጫማዋን አጠለቀች።

«አንቺ ደግሞ የት?»

«ባትሪ እይዝልሃለሁ።»

«በጠራራ ቀን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ይጨልም ይሆናል» አለችና የመሣሪያ ሳጥኑን አንሥታ ፊት ፊት ሄደች።