የዲፕሎማ ልል ቡሎኖች

«ጋራዡ ለዲፕሎማ ሊሰጥ ነው አሉ።»

ወሬውን ያመጣው ጎረቤታችን መለዋወጫ ሻጩ ነው፤ ሬዲዮ የምንለው። ሰኞ አወራው፣ ማክሰኞ ደገመው፣ ዓርብ ለእኔው እንደ አዲስ ነገረኝ። ዲፕሎማ የጋራዡ ባለቤት የአጎቴ ልጅ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ቱታው ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ ሳትኖር ከትምህርት ቤት የመጣ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

እኔን ማንም አላስተማረኝም። ስድስት ዓመት መኪና ሥር ተጋድሜ፣ እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ፣ እየገጠምኩ ነው ያወቅሁት። አጎቴ ሲደክመው የጋራዡ ቁልፍ ማን አንገት ላይ እንደሚንጠለጠል ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዲፕሎማ እስኪመጣ።

ከዚያ፣ ኩርባ ላይ ወደ ጎን የምትጋደም መኪና መጣች። ሻንሲዋን በብየዳ ያጠናከርኩት እኔ፤ ንዝረት የሚውጡትን ሁለቱን የፊት ሾኮች ከላይ የሚያያይዘውን ብረት የሠራሁት እኔ። ጠንካራ ሞላና አዲስ ጎሚኒ፣ ማለትም ጎማዎቹን የሚይዙት ክንዶች ሻንሲው ላይ በሚታሰሩበት ቦታ የሚገባውን የላስቲክ ቀለበት፣ መቀየሩን ግን አጎቴ ለዲፕሎማ ሰጠው። እኔን አንድ ቀን «ጎበዝ» ብሎኝ አያውቅም። ልጁ ሞላ ሲመርጥ ግን እንደ ሙሽራ አባት ቆሞ ፈገግ ይላል።

ዲፕሎማ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ መኪናዋ ድጋፍ ላይ እንደተሰቀለች ነበረች። መፍቻ አንስቼ የክንዶቹን ቡሎኖች ነካ ነካ አደረግኋቸው። ልል! ሁሉም! ደስታዬን የት ላድርገው?

አጎቴንና ባለመኪናውን ጠራሁ። ሬዲዮ ሳይጠራ መጣ።

«ኑ እዩልኝ! የተማረው ሰውዬ ቡሎን ማጥበቅ ረሳ!»

ዲፕሎማ እጁ ውሃ እያንጠባጠበ ደረሰ። «አልረሳሁም፣ እህቴ። ወርዳ በጎማዋ ስትቆም ነው የማጠብቃቸው። አሁን ከጠበቁ ግን...»

«ወርዳማ ከሥሯ በምን ትገባለህ? በአገጭህ ልታጠብቃቸው ነው?»

ሬዲዮ እስኪያስለው ሳቀ። አጎቴ አልሳቀም። ልጁን አየውና ወደ እኔ ዞሮ «አጥብቂው» አለኝ። በሙሉ ክብደቴ አጠበቅሁት።

በሳምንቱ ዲፕሎማ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ገባ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ደስ ይላል።

በሁለት ወሯ መኪናዋ ተመለሰች፤ ትንቋቋለች፣ ኩርባ ላይም ትዋዥቃለች። ስፈታት ጎሚኒዎቹ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጠምዝዘው ተቀደዋል። ክንዶቿ አየር ላይ እንደተንጠለጠሉ ቆልፌያቸው፣ መሬት ከነካች ጀምሮ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ነው የኖረው። የአዲሱ ጎሚኒ ካርቶን ውስጥ ይህንኑ ከነሥዕሉ የሚያስረዳ ወረቀት አለ። ያንን ወረቀት ስድስት ዓመት ሙሉ እጄን ስጠርግበት ኖሬአለሁ።

አዲሶቹን ገጠምኩ፣ መኪናዋን አወረድኩ፣ አፍንጫዬ ሻንሲውን እየነካ አጠበቅሁ። ባለመኪናው ነድቷት ዞሮ ሲመለስ «ሐዲድ ላይ እንዳለ ባቡር ነው የምትታጠፈው!» አለ።

አጎቴ በሩ ላይ ወንበሩን ስቦ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ልጅህ ልክ ነበር» አልኩት። «ጥራው። ጋራዡ የሱ ነው።»

«የምን የሱ?» አለ አጎቴ። «በመጣ በሦስተኛው ቀን አልፈልግም ብሎኛል። ወደብ ላይ ሥራ አግኝቶ መሄጃ ቀኑን ነበር የሚጠብቀው። ‹ለሷ ስጣት› ያለኝም ራሱ ነው። ለሬዲዮ ነግሬው ነበር እኮ፤ አልነገረሽም?»