እትዬ ብርሃንነሽ ቲቪ ያልከፈቱበት ወር

ወላሂ ያንን ኮሜዲ ያላየ ሰው ምን እንደቀረበት አያውቅም! ጋራዥ ውስጥ ነው። ሰዎቹ አንድም መኪና ጠግነው አያውቁም፤ ሁሌ ብሎን ይተርፋቸዋል፣ ከዛ ባለመኪናውን እንደ ሙሽራ እየዘፈኑ ይሸኙታል! የኛ ቲቪ ከተቃጠለ ቆይቷል፣ ስለዚህ እሁድ እሁድ ከሰዓት እኔ፣ እማዬና አባዬ ጎረቤታችን እትዬ ብርሃንነሽ ጋ ሄደን ነበር የምናየው። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነው ቤታችን፣ ከሳቸው ጋር ግድግዳ እንጋራለን። አባዬ ቀልዱ ሳያልቅ ይስቃል። እትዬ ደግሞ «ኧረ ሰውዬ፣ አሰማን!» ይሉታል።

አባዬ ከሞተ ወር ሆነው። ከሊሙ ገነት ቡና ጭኖ ሲመጣ መኪናው ተገልብጦ።

እማዬ ዒዳ ላይ ናት፤ አራት ወር ከአስር ቀን ከቤት አትወጣም። እሱስ ይሁን። ግን አትበላም! ሁለት ጉርሻ፣ ከዛ «በቃኝ ኢንታላ ኮ፣ በቃኝ ልጄ» ትላለች። ቀሚሷ ሁሉ ሰፍቷታል። እሷንም ላጣት ነው ብዬ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ባለፈው እሁድ ምሳ ይዤላት ስገባ ግድግዳውን እያየች ነበር።

«ዛሬ እሁድ አይደል? ምነው እነ ብርሃኔ ጭጭ አሉ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ለካ እትዬ ለኛ ሐዘን ብለው ወር ሙሉ ቲቪ አልከፈቱም! ሳህኑን አስቀምጬ በሩጫ ሄድኩ።

«እትዬ፣ በአላህ ይክፈቱት!»

«አበድሽ ናኢማ? ሐዘን ቤት አጠገብ ሳቅ ላሰማ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እማዬ ‹ምነው ጭጭ አሉ› እያለች ነው! የማትበላው እሷ ናት እንጂ ሰው አይደለም!»

እትዬ ሪሞቱን አነሱና ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቁት።

ስመለስ እማዬ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። «ዛሬ ደግሞ የማንን መኪና ነው የሚያበላሹት?» ብላ ፈገግ አለች፣ ትንሽዬ! ቶሎ አጎረስኳት። አንድ። ሁለት። ሦስት! አራተኛው ላይ ማኘኳን አቆመች።

«ይሄ አዲሱ ክፍል ነው። አባትሽ ይሄን አላየውም።»

እንባዋ እጄ ላይ ወረደ፣ ጮክ ብላ አለቀሰች። እትዬ ሰምተው ነው መሰለኝ፣ ከማዶ ድምፁ ቀነሰ። እማዬ ግድግዳውን በመዳፏ ደበደበችው።

«ብርሃኔ! አትቀንሺው!» አለች፣ አፏ እንደሞላ።