ዘጠና አራት ብላ የጻፈችው

የመነጽር ሠሪው የመጨረሻ ልጅ፣ ቤተሰቡ «ጭምት» የሚላት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የእንስሳት ሐኪም ከመሆን ሌላ ምኞት አልነበራትም። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁን የመግቢያ ፈተና ወስዳ ሰማንያ ስድስት ከመቶ ስታመጣ አባቷ ደስታውን መያዝ አቅቶት፣ የደንበኛ መነጽር በእጁ እንዳንጠለጠለ መንገድ ተሻግሮ ለልብስ ሰፊው ነገረው። እሷም ደስ አላት። ደስታዋ ግን ሳምንት እንኳ አልዘለቀም።

አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ የኮሌጁ አመልካቾች የሚሰባሰቡበትን መድረክ ከፈተች። እዚያ ሰው ሁሉ በቅጽል ስም እየገባ አመጣሁ የሚለውን ውጤት ይጽፋል። «ፈረሰኛው» የሚባለው ዘጠና ስምንት፣ «የጨረቃ ልጅ» የምትባለው ዘጠና አምስት። ጭምት ሦስት ቀን ሙሉ ትንፍሽ ሳትል ስታነብ ከረመች። ከዚያ ደብተር አውጥታ የመቶ አሥራ ሁለት ሰው ውጤት ገልብጣ አማካዩን ብታወጣው ዘጠና አራት መጣ። ወሽመጧ ቁርጥ አለ።

እሷም እዚያ «ነብሪት» የሚል ስም አውጥታ ነበርና አንዱ «አንቺስ ስንት አመጣሽ?» ብሎ ጠየቃት። እውነቱን ልትጽፍ ጀምራ እፍረት ያዛት። «ዘጠና አራት» ብላ ላከች። ወዲያው «አንቺማ ገብተሻል በይው» የሚል ሙገሳ ጎረፈላት። ሙገሳው እንደ እሾህ ወጋት። ሞልታ የጨረሰችውን የማመልከቻ ቅጽ መሳቢያ ውስጥ ወርውራ ዘጋችበት።

ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከምሳ በኋላ፣ «ነጠብጣብ» ከምትባል ልጅ ለብቻዋ መልእክት መጣላት።

«እህቴ፣ እኔ ያመጣሁት ሰማንያ ሦስት ነው። ያንቺን ሳይ ቁርጤን አወቅሁ። ላለማመልከት ወስኛለሁ። አንቺን ግን ይቅናሽ።»

ጭምት ደጋግማ አነበበችው። ያላመጣችው ቁጥር የሰው ልጅ ከበር መለሰ። ፊቷ እንደ እሳት ጋለ፤ ተነሥታ በቀጥታ ወደ አባቷ ሱቅ ሄደች። አባቷ በትንሿ መፍቻ የመነጽር ክንድ እያጠበቀ ነበር።

«አባዬ፣ ዋሽቻለሁ» አለችው።

መፍቻውን አስቀመጠ። ሁሉንም ዘርዝራ ነገረችው። የሚቆጣ መስሏት አንገቷን ደፍታ ብትጠብቅም ቁጣ አልመጣም።

«ትናንት አንድ ሾፌር ዓይኑን ሊመረመር መጥቶ ነበር» አላት። «ለካ ተራ ሲጠብቅ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ሸምድዷቸዋል። እስከ ታችኛው መስመር ድረስ አንበለበለልኝ። ሌላ ሰሌዳ ብሰቅልለት ግን ትልቋን ፊደል እንኳ በግምት ሆነ።»

«ምነው፣ ክፉ ሰው ነው?»

«ኧረ ደግ ሰው ነው። ከሥራዬ ያስወጡኛል ብሎ ፈርቶ ነው። አንቺም ያው ነሽ። ለእሱ ግን የምመረምረው እኔ አለሁ። እዚያ መድረክ ላይ መርማሪው ማን ነው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ከመቶ ምናምኑ ሰው ስንቱ እንዳንቺ አፍሮ እንደጻፈ በምን አወቅሽ? ዝቅ ያለ ያመጣውስ መች ይጽፋል? አንብቦ፣ ከንፈሩን ነክሶ ይወጣል እንጂ።»

ጭምት ከደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ ለነጠብጣብ እውነቱን ነገረቻት፤ ቀጥላ እዚያው ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ «ያመጣሁት ሰማንያ ስድስት ነው። ዘጠና አራት ያልኩት አፍሬ ነው፤ ይቅርታ» ብላ ጻፈች።

የመጀመሪያው መልስ «ውሸታም» የሚል ነበር። እውነቱን ነው ብላ አለፈችው። ሁለተኛዋ ግን የጨረቃ ልጅ ነበረች፤ «የኔም ሰማንያ ስምንት ነው፤ ዘጠና አምስት ያልኩት ሰው ሁሉ ከዘጠና በላይ ሲል አይቼ ነው» አለች። አንዱ ደግሞ «እኔ ጭራሽ ፈተናውን አልተፈተንኩም፤ ታላቅ ወንድሜን ላናድደው ብዬ ነው» ብሎ አረፈው። አባቷ ይህን ስታነብለት እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሱቁ እስኪዘጋ አሥራ ዘጠኝ ሰው ቁጥሩን አወረደ። ፈረሰኛው ግን ቁጥሩን አልነካም፤ ምናልባት እሱስ እውነቱን ይሆናል።

ያም ሆኖ ስንት ያመጣ እንደሚገባ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ነጠብጣብም «ላስብበት» ብቻ ብላ መለሰችላት። በማግስቱ ጠዋት ጭምት ቅጹን ይዛ ኮሌጁ መዝገብ ቤት ሄደች። መስኮቱ ጋ የተቀመጡት ሴትዮ ቅጿን ገልጠው አዩና ማኅተም መቱበት።

«ይቅርታ እትዬ፣ በሰማንያ ስድስት ሰው ይገባል?»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩዋት። «ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ያምናው ዝርዝር ከነውጤቱ እስከ ዛሬ ተለጥፎ አለ። መጥቶ የሚያየው ግን የለም። በየዓመቱ ስንቱ ወሬ ሰምቶ ሳያመለክት ይቀራል መሰለሽ።»

ጭምት ጣቷን በዝርዝሩ ላይ እያስኬደች ወረደች። ዘጠና አንድ፣ ሰማንያ ሰባት፣ ሰማንያ አራት። የመጨረሻው የገባ ተማሪ ውጤት ሰባ ዘጠኝ ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ ከዚያ ብቻዋን መሳቅ ጀመረች። ዝርዝሩን ፎቶ አንሥታ ለነጠብጣብ ላከችላት፤ ከሥሩም «ነገ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። ቅጽሽን ይዘሽ ነይ» ብላ ጻፈች።

ነጠብጣብ መስኮቱ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ደረሰች።

ከወር በኋላ ውጤቱ ሲለጠፍ ጭምት አርባ ሦስተኛ ሆና ገባች። ነጠብጣብ መጀመሪያ ተጠባባቂ ተባለች፤ ሁለቱም ሁለት ሳምንት እህል ውኃ ሳይላቸው ከረሙ። አንድ ረፋድ ላይ፣ ጭምት ሱቁ ውስጥ ሌንስ ስትወለውል፣ ስልኳ ጠራ። ከወዲያ በኩል ሳቅና ለቅሶ የተቀላቀለበት ድምፅ «ገባሁ» አላት። ጭምትም ሌንሱን አስቀምጣ እልል አለች።

«ማን ናት?» አላት አባቷ።

«አብራኝ የምትማር ልጅ ናት» አለችው።