ፍሬኑ ይበየድ

«ደብዳቤው ፍሬን ነው የሚለው!» አለ ጓድ ወልዴ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። «ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው። ፍሬኑ ይበየድ ይላል፤ አንተም ትበይዳለህ!»

«ፍሬን አይበየድም፣ ጓድ» አለ በያጁ ዶላሞ። «ከተበየደ ጎማውን ነክሶ ይቀራል፤ ብስክሌቱም ከቆመበት አይነቃነቅም። እርግጥ ለአደባባይ ሐውልት ከፈለጋችሁት ዛሬውኑ አደርሰዋለሁ።»

«ለቀልድ አልመጣሁም።»

«እኔም የቀለድኩ አልመሰለኝም።»

ብስክሌቱ በዶላሞ ብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ጎማዎቹን ወደ ላይ አንጋጦ፣ በሁለቱ መካከል ተገልብጧል። ንብረትነቱ የመንግሥት ነው፤ የሚነዳው ግን የክትባት ሠራተኛው ኤርጎ ነው። ኤርጎ በየሳምንቱ ዓርብ ማለዳ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን አስሮ፣ ከጂንካ በቀይ አፈር ከተማ በኩል ዲመካ ይወርዳል፤ እናቶችና ሕፃናት የሚገኙት ቅዳሜ ገበያ ላይ ነውና። ከሦስት ሳምንት በፊት ሲመለስ ከመሪው ሥር አንድ ነገር ሲጢጥ አለበት። ወርዶ ቢያይ፣ ታችኛው ረጅም ቱቦ ከመሪው ቱቦ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር አገኘ።

ወዲያው በእጁ ጽሑፍ አመለከተ፦ «የብስክሌቱ ፍሬም ስለተሰነጠቀ እንዲበየድልኝ።» የጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ወሰንየለሽ የብስክሌት አጽም ፍሬም መባሉን ሰምታ አታውቅም። ፍሬንን ግን አውቶቡስ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል። ኤርጎ አማርኛን የተማረው ከአፍ መፍቻው ከአሪኛ በኋላ ስለሆነ፣ ልጁ እንዳያፍር ብላ አረመችለትና «ፍሬን» ብላ መታችው። ጓድ ወልዴ ሳያነብ ፈረመ። አርባ ምንጭ ያለው የበላይ ክፍል ደግሞ አንብቦ ፈቀደ፤ ይሄኛው የባሰ ነው። ፍሬን እንዴት ይሰነጠቃል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ጓድ ወልዴ የንብረት ኃላፊ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ወልደሰማያት ነበር። አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ ሰማያትን ጥሎታል፤ በስብሰባ ላይ፣ በሙሉ ድምፅ ነው የጣለው ይባላል።

«ማረሚያ ደብዳቤ ይጻፍልኛ» አለ ኤርጎ፣ ከቆመበት ጥግ።

«ምን ተብሎ? የበላይ አካል ተሳስቷል ተብሎ?»

 በዚያ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ስህተትና አሻጥር በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ አንዱን ፈልጎ የመጣ ካድሬ የሌላውን በር ሳያንኳኳ አይመለስም።

«ታዲያ ነገ በምን ልሂድ?» አለ ኤርጎ።

«በብስክሌቱ ነዋ! ጭረት ናት። ቀለም ትቀባለች።»

«ቁልቁለቱ መሐል ከተበጠሰ በአፍንጫዬ ነው የማርሰው፣ ጓድ።»

«ማጋነን የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው።»

ዶላሞ በዚህ ክርክር አልገባም። ጨርቅ በላምባ ነክሮ መጋጠሚያውን አራሰው፤ ጥቂት ቆይቶ በደረቅ ጨርቅ ወለወለው፤ ከዚያ ጠመኔ ፈጭቶ አቧራውን ነሰነሰበት። ሦስቱም ጎንበስ አሉ። በነጩ አቧራ ላይ አንዲት እርጥብ ጥቁር መስመር ቀስ እያለች ወጣች። ኤርጎ ከጥፍር አትረዝምም ብሎ የገመታት መስመር የቱቦውን ግማሽ ዞራ ነበር።

«ጭረት ላምባ አይጠጣም» አለ ዶላሞ። «ይሄ ጠጥቷል። አሁን እያስመለሰ ነው።»

ኤርጎ ያለፉትን ሦስት ሳምንታት ቁልቁለቶች በልቡ ቆጠራቸውና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጓድ ወልዴ ግራና ቀኙን አየ፤ መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም።

«እኔ ምንም አላየሁም» አለ።

«ደብዳቤውን እስቲ ይስጡኝ።» ዶላሞ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚያነብ ሰው እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እየተከተለ አነበበው። የመንግሥትን ንብረት ያለ ወረቀት በእሳት ቢነካ ማን እንደሚጠየቅ ያውቃል። በዚያ ላይ የሚያመልክበት ጸሎት ቤት ባለፈው ዓመት ስለታሸገ፣ ቀበሌው እሱን የሚጠራበት ምክንያት አጥቶ አያውቅም። «የፍሬኑ ዘንግ የታሰረው በምን ላይ ነው፣ ጓድ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«በዚህ ቱቦ ላይ ነው። ቱቦው የፍሬኑ መቀመጫ ነው። መቀመጫውን ከበየድኩ ፍሬኑን በየድኩ ማለት አይደለም?»

ጓድ ወልዴ አሰበ። ሲያስብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «የሚያስኬድ ትንታኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ግን ነገ አጣሪ ኮሚቴ ይመጣል። ብየዳውን ፍሬኑ ላይ ማየት ይፈልጋል።»

«በማይጎዳበት ቦታ አንዲት ጠብታ ነሐስ ጣል አደርግለታለሁ።»

ሥራው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ዶላሞ ብረቱ እስኪያበራ ቀለሙን ፋቀ፤ ከዚያ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳ አወጣ።

«ጋሽ ዶላሞ፣ በስንጥቁ ላይ ደግሞ ይበሱታል?» አለ ኤርጎ።

«የስንጥቅ ጫፍ ስለት ነው፤ እየቆረጠ ይሄዳል። ክብ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ የሚቆርጥበት አፍ ያጣል።»

«በኤሌክትሪክ ቢሆን አይፈጥንም?»

«አሥር ደቂቃ ነው። ቱቦው ስስ ስለሆነ ይቃጠልና ከብየዳው ጎን እንደ ብስኩት ይሰበራል። አንተም ከነበረዶህ።»

ከአሮጌ ቱቦ ቁራጭ ቆርጦ መጋጠሚያውን እንደ እጅጌ አለበሰው። በጋዝ እሳት ቀስ አድርጎ አጋለው፤ ብረቱ ደብዘዝ ብሎ ሲቀላ ነሐሱን አስነካው። ነሐሱ ቀልጦ፣ እንደ ማር እየተሳበ፣ በእጅጌው ሥር ገባ። ጓድ ወልዴ በዚህ መሐል ከቢሮ ተመልሶ ደረሰ።

«ውኃ አፍስስበትና ይብረድ እንጂ!»

«በራሱ ይበርዳል። ውኃ ካፈሰስኩበት ዛሬውኑ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ሌላ ደብዳቤ ሊያስፈልገን ነው።»

ደብዳቤ የሚለው ቃል ጓድ ወልዴን አስታገሰው። «ከበረደ በኋላ ግን ቀለም ቀባው።»

«ቅባት ብቻ ነው የምቀባው። እንደገና ከተሰነጠቀ እንዲታይ።»

«እንዲታይ?» ጉድለት እንዲታይ ተብሎ ሳይሸፈን የሚተውበትን አሠራር ጓድ ወልዴ በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ አልሰማም ነበር። ነገሩ ሕጋዊ መሆኑን ስለተጠራጠረ ተሰናብቶ ሄደ።

ዶላሞ አንድ ደንብ ነበረው፤ የበየደ አስቀድሞ ይቀመጥበታል። አመሻሹ ላይ ብስክሌቱን ከከተማው መሐል ወዳለው አውሮፕላን ማረፊያ ገፋው። ሜዳው ላይ ከላሞች በቀር ማንም አልነበረም። ከኋላ አንድ ኩንታል በቆሎ ጫነ፤ ራሱም ቀላል ሰው አይደለም። ሽቅብ ሄደ፣ ቁልቁል ወረደ፣ የውኃ ቦዩን ሆን ብሎ ሦስቴ ዘለለበት። በሦስተኛው ኤርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ ዶላሞ ላብ በላብ ሆኖ መጋጠሚያው ላይ ላምባና ጠመኔ እያደረገ ነበር። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ለአንድ ወር ቁልቁለቱ አናት ላይ ስትደርስ ውረድና በጣትህ ዳብሰው» አለው። «መስመር ካገኘህ በእግርህ ና። ብስክሌቱን እዚያው ጣለው። እሱ ዘመድ የለውም።»

ዓርብ ጠዋት ሦስት የኮሚቴ አባላት ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጡ። ብስክሌቱን ዞሩት። ሰብሳቢው በፍሬኑ እጀታ ላይ ያለችውን፣ ምስር የምታክል የነሐስ ጠብታ በጣቱ ደባበሳት፤ ተራ በተራ ደባበሷት።

«ጠንካራ ሥራ ነው» አለ ሰብሳቢው።

«በራስ አቅም የተሠራ» አለ ጓድ ወልዴ።

«ይሄ ያልተቀባው ቱቦስ ምንድን ነው?»

«መቀመጫ ነው።»

ሰብሳቢው ኮርቻውን አየ፣ ቱቦውን አየ፣ አላዋቂ ላለመባል ራሱን ነቀነቀ። ቃለ ጉባኤ ለመጻፍ ወደ ውስጥ ገቡ። ወሰንየለሽ ወረቀት አስገባች። «ፍሬኑ ተበይዷል» ይባል ወይስ «ፍሬኑ በሚገባ ተበይዷል» በሚለው ላይ የሐሳብ ልዩነት ተነሳ። «በሚገባ» ከተባለ ቀድሞ ያለ አግባብ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ያስከትላል አለ አንዱ። ጓድ ወልዴ «በአጥጋቢ ሁኔታ» የሚል የማስታረቂያ ሐሳብ አቀረበ። ነጥቡ ጠንከር ያለ ስለነበር ክርክሩ ውጭ እንዳይሰማ መስኮቱን ዘጉ።

ውጭ ፀሐይዋ የበረዶ ሣጥኑ ላይ ደርሳ ነበር። ኤርጎ ሣጥኑን በአሮጌ የጎማ ላስቲክ ሁለት ዙር አሰረ፤ መጋጠሚያውን ዳበሰ። ብስክሌቱን እየገፋ በአጥሩ በር ወጣ፤ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ወደ ቀይ አፈር አቀና።