የዱዎት እናት የት ትግባ

ጂያት የተሰጠውን ሳህን እንደያዘ ቀረ። ቢያስቀምጠው ሰው ማስቀየም ነው፤ ቢበላው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር። ሳህኑን ያመጣለት ጎረቤቱ ባለሱቁ ጀማል ነው። ጀማል ከደጋ ወርዶ ኒውላንድ ሰፈር ሱቅ ከከፈተ ቆይቷል፤ የኑዌር ወንድ በአማቱ ፊት እህል እንደማይቀምስ ግን እስካሁን የነገረው የለም። አማቲቱ ኛኮንግ ማንጎው ሥር፣ ፍራሽ ላይ በትራስ ተደግፋ፣ ልክ ከጂያት ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

“ብላ እንጂ ወንድሜ” አለ ጀማል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ከቀብሩ ወዲህ እህል ስትቀምስ አላየሁህም። ሐዘንም ጉልበት ይፈልጋል እኮ።”

የጂያት ሚስት ኛኪም ከወዲያ ማዶ ባሏን አየችውና በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል ሳቋ መጣባት። ሄዳ ሳህኑን ተቀበለችው።

“ከቤቱ ጀርባ ወንበር አለ፤ እዚያ ብላ” አለችው። ጂያት ቅጣት እንደቀረለት ተማሪ ፈጠን ብሎ ተከተላት።

ስትመለስ ጀማል አንገቱን እያከከ ቆሟል። “አጠፋሁ መሰለኝ?”

“አላጠፋህም። አማቱ ፊት አይበላም፤ የእኛ ወግ ነው።”

“ታዲያ አንድ ቤት ቢኖሩስ?”

ጀማል የጠየቀው በየዋህነት ነው። ኛኪምን ግን ወንድሟ ዱዎት ከሞተ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳት ይኸው ጥያቄ ነበር። የእሷ ቤት ኪራይ ነው፤ አንዲት ክፍል። እናቷን ብትወስዳት ጂያት ዕድሜ ልኩን ደጅ ሊበላ ነው፤ ኛኮንግም ልጇን ከባሏ ማዕድ እንዳፈናቀለች እያሰበች ልትሳቀቅ ነው። ከዚህም ሌላ ሁለቱም ጠዋት ወጥተው ማታ ይገባሉ። ግማሽ ጎኗ የማይታዘዝላትን ሴት ቀን ቀን ማን ያገላብጣት? እስካሁን የሚያነሳት፣ የሚያጥባት፣ የሚያጎርሳት ዱዎት ነበር። ዱዎት ደግሞ የለም።

ከቀብሩ ወዲህ ኛኪም አላለቀሰችም። የሚያለቅስላት ሞልቷል፤ የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ሸራው ሥር ተደርድረው ይዘምራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ደግሞ ይዘምራሉ። እሷ ሻይ ታስቀዳለች፣ ወንበር ታስመጣለች፣ እናቷን ታገላብጣለች። መናኸሪያ ትኬት ስትቆርጥ የለመደችው ጠባይ ነው፤ ሰው ሲንጫጫ እሷ ረጋ ትላለች። ውሳኔዋንም ጨርሳለች። ከባሮ ድልድይ ማዶ ምእመናን የሚያስተዳድሩት የአረጋውያን መኖሪያ አለ፤ ነርስ አለው፣ የእናቷን የደም ግፊት የሚለካ አለው። እዚያ ትገባለች። ለእናቷ ግን ገና አልነገረቻትም፤ ኛኮንግም ልጇ ከተቀበረ ወዲህ ቃል ከአፏ አልወጣም።

ኛኪምን የሚያሳፍራት ሟቹ ነበር። ዱዎት ቢሰማ ምን ይል?

አምና ክረምት ነገሩን አንስታበታለች። ደጅ ላይ ባጃጁን እያጠበ ነበር፤ ማታ ማታ እናቱን ከኋላ አስደግፎ ወደ ባሮ ዳርቻ የሚወስድበትን ባጃጅ። ዓሣ አጥማጆቹ “አንተ ረጅሙ፣ ሚስት የምታገባው መቼ ነው?” እያሉ ሲያሾፉበት “ባጃጁ ሞልቷል” ይላቸውና እናቱ ነፋስ እስኪበቃት ድረስ አብሯት ይቀመጣል።

“ወንድሜ፣ ወገብህ አለቀ እኮ” አለችው ያን ቀን። “ከድልድዩ ማዶ አለ የሚሉትን ቤት ሄደን እንየው።”

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ወረወረው። “እኔ በሕይወት እያለሁ እናቴን የሰው እጅ አይነካትም” አለና ጀርባውን ሰጣት። ሰንብቶ ነው የታረቃት። ነገሩ ግን ዳግም አልተነሳም።

አሁን አጎታቸው ጩዎል ከሽማግሌዎቹ መሃል ተነሳ። ከጂካዎ በኩል በጀልባ የመጣ፣ ሲስቅ ሰፈር የሚሰማው፣ ወንድሙ ከሞተ በኋላ ልጆቹን እንደ አባት ያየ ሰው ነው። ዛሬ ግን አይስቅም።

“ነገ ከጸሎቱ በኋላ የወንድሜን ሚስት ይዣት እሄዳለሁ” አለ በኑዌርኛ። “ቤት አለን፣ ወተት አለን። ሴቶች አሉን።”

“አጎቴ፣ መድኃኒቷስ?” አለች ኛኪም። “ግፊቱ ባለፈው እንደጣላት ቢጥላት ከዚያ ሐኪም ቤት ለመድረስ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ላይ ናችሁ።”

“ታዲያ አንቺ ጋ ትግባ።”

“እኔ ጋም አትችልም። ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ቤት እወስዳታለሁ። ሰኞ ቦታ ይሰጡኛል።”

ሸራው ሥር ያሉት ሴቶች መዝሙራቸውን አቋርጠው ዞሩ። ጩዎል ሰው እንዳይሰማው ጠጋ አላት። የተቆጣ አይመስልም፤ ያዘነ ነው የሚመስለው።

“ልጄ፣ ወልዳ ወልዳ ባዕድ ቤት? ቋንቋዋን የሚሰማ እንኳ በሌለበት? ምን ብለን ነው ሰው ፊት የምንቆመው?”

“ሰው ፊት እኔ እቆማለሁ፣ አጎቴ። እሷን ግን የሚያነሳት ሰው ያስፈልጋታል” አለች።

ይህን ጊዜ አንዲት ሴት በአጥሩ በር ገባች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ነጭ ጋዋኗን በላስቲክ ጠቅልላ በብብቷ የያዘች ሴት ናት። አኙዋ መሆኗን ያላወቀ አልነበረም። በዚህ ከተማ ሁለቱ ሕዝቦች ሲጣሉም ሲታረቁም የኖሩ ናቸውና፣ በኑዌር ልቅሶ ላይ ብቻዋን መምጣቷ ሁሉንም ወደ በሩ አዞረ። ሴትየዋም ይህን ታውቃለች፤ ቢሆንም አልተመለሰችም።

“አኬሎ እባላለሁ” አለች በአማርኛ። “ከሽማግሌዎች ቤት ነኝ፤ ድልድይ ማዶ። ዱዎት ሞተ ሲሉኝ ዛሬ ነው የሰማሁት።”

“ወንድሜን በምን ታውቂዋለሽ?” አለች ኛኪም።

“ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ ይመጣል።”

“ቅዳሜ ኮንትራት አለኝ ነበር የሚለን።”

አኬሎ ራሷን ነቀነቀች። “ኮንትራት የለም። ጉበቱ እንደማይድን ሐኪም ነገረው፤ ከዚያ ወዲህ መምጣት ጀመረ። ‘እናቴ እዚህ ትመጣለች፣ እኔ ሳልኖር። አሁን ተማሩ’ አለን። አልጋ ላይ ራሱ ይተኛል። ‘እኔ እናቴ ነኝ፤ ግራ እጄ አይሠራም፤ አንሺኝ’ ይላል። እግሩ ከአልጋ ይወጣል፣ ረጅም ነዋ። እኛ እንስቃለን። እሱ ይቆጣል። ‘እናቴን እንደዚህ ብታነሱ ይዛችኋት ትወድቃላችሁ’ ይላል።”

ጀማል አፉን በእጁ ያዘ። ጂያት ከቤቱ ጀርባ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ኛኪም የአኬሎን ቃል ለአጎቷ ወደ ኑዌርኛ መለሰችለት፤ “እኔ ሳልኖር” የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገመችው። ያ ግትር ወንድሟ በሕይወት እያለ የሰው እጅ እንዳይነካት ጨክኖ፣ ከሕይወቱ በኋላ የሚነካትን እጅ ሲያሠለጥን ከርሟል። ለእሷ ሳይነግራት። እዚያው ቆማ ተናደደችበት፤ ናፈቀችውም።

ጩዎል ወደ ማንጎው ሥር ዞረ። “እስቲ እሷን ጠይቋት” አለ። እስከዚያች ሰዓት ኛኮንግን የጠየቀ ሰው እንዳልነበረ ሁሉም አንድ ላይ ትዝ አለው።

ኛኪም ከእናቷ ፊት ተንበረከከች። “እማ፣ ሰምተሻል። የት መሆን ትፈልጊያለሽ?”

ኛኮንግ አኬሎን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ በግ ሊገዛ እንደመጣ ሰው አተኩራ። ከዚያ በደህና እጇ ፍራሹን መታ መታ አደረገችና “ፀሐዩ በዛብኝ። እሷ ታስገባኝ” አለች።

ድምጿ ሻካራ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ።

አኬሎ ምን እንደተባለ እስኪነገራት አልጠበቀችም። ጋዋኗን ለኛኪም አስያዘቻት፣ በርከክ አለችና “ማሌ” አለች፤ በኑዌርኛ ሰላምታ። የማይታዘዘውን ክንድ ቀስ ብላ አንስታ የአሮጊቷ ደረት ላይ አጋደመችው። ጉልበቷን አጠፈችላት። ከዚያም ሳትቸኩል ኛኮንግ ትንፋሿን እስክታወጣ ጠበቀች፤ ዱዎት ዘወትር ይጠብቅ እንደነበረው። ያን ጊዜ አቀፈችና ብድግ አደረገቻት።

ጩዎል መንገድ ለቀቀላቸው። “ነገ አልሄድም፤ ጀልባው ይጠብቀኛል” አለ ለጂያት። “ሰኞ እኔም አብሬ ሄጄ ቤቱን አየዋለሁ። ካልወደድኩት እንነጋገራለን።”

ውስጥ፣ አኬሎ አሮጊቷን አስተኝታ ትራሱን አስተካከለችላትና ቀና አለች። ኛኪም ጋዋኑን ልትመልስላት እጇን ዘርግታ ነበር፤ ጋዋኑን ትታ ሁለቱን የአኬሎን እጆች ያዘች። ግንባሯን እነዚያ እጆች ላይ ደፋችና፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አለቀሰች።