የባዶ ሾርባ ትምህርት

ሦስት ወር ሙሉ ባዶ ሳህን ተሸክሜ ስመላለስ ከረምኩ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የመንግሥት ፕሮግራም ነው። "የችግረኛ ወጣቶች የመስተንግዶ ሥልጠና" ይባላል። ለሳህን በጀት አለው፤ ለሾርባ የለውም።

"ሾርባው እንዳለ አስቢ!" ይለኛል አሠልጣኛችን ትሪቬኒጂ።

"የምን ሾርባ ነው?"

"የቲማቲም። በቀኝ በኩል ቅረቢ፣ ጎንበስ በይ፣ 'እንደታዘዘው፣ ጌታዬ' በይ። ሱጊያ! ፈገግ በይ እንጂ፣ ጥርስ ልትነቀይ ነው እንዴ የመጣሽው?"

ፈገግታ ከየት ይምጣ? እናቴ ጭቃ አቡክታ ጡብ ትሠራለች፤ እኔ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ያንን ጡብ በአናቴ ወደ እቶኑ ሳመላልስ ነው ያደግኩት። ዝናቡ እንዳበቃ እቶኑ ይለኮሳል። እስከዚያ ሥራ ካላገኘሁ ተመልሼ ጡብ ተሸካሚ ነኝ። ከዚያስ ሞቴን እመርጣለሁ! እናቴ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እያለች ትስቅብኛለች፤ ግን የአስተናጋጅ ጥቁር ሰደርያዬን በየቀኑ አጥባ የምትተኩስልኝ እሷው ናት።

የፈተናው ዕለት ጉድ ፈላ። የፕሮግራሙ ኃላፊ ኦጃ ሳሂብ መጡ። አንድ ሠራተኛ እቀጥራለሁ ያሉት የሆቴል ባለቤት ጃግሞሃን ባቡም አብረዋቸው ነበሩ። ለእንግዶቹ ክብር ሲባል እውነተኛ ሾርባ ቀረበ፤ ያውም የሚፋጅ። ከመሀላችን ሙሉ ሳህን ይዞ የሚያውቅ ማን አለ? አንደኛ የሚወጣው ቢንዳ ትሪውን እንደተማረው በግራ መዳፉ ይዞ ሁለት እርምጃ ሄደና ኦጃ ሳሂብ ጭን ላይ ደፋው።

"ኧረ ተቃጠልኩ!"

"ሾርባው እንዳለ አስቡ አላልኳችሁም?" ብሎ ጮኸ ትሪቬኒጂ።

"አለ እኮ! ችግሩ መኖሩ ነው!" አለ ቢንዳ።

ሌሎቹም በተራ በተራ ደፉት። የኔ ተራ ደረሰ። የራሱ ጉዳይ አልኩና ፎጣዬን ጠቅልዬ አናቴ ላይ አደረግኩ፤ ትሪውን ከነስድስት ሳህኑ ጫንኩበት። አንድ ጠብታ ሳይፈስ ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩት።

ውጤቱ ሲነገር የደፉት ሁሉ አለፉ። እኔ "ትሪ በግራ መዳፍ" በሚለው ዜሮ አገኘሁና ወደቅሁ። አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። እቶኑ ነበር ዓይኔ ላይ የመጣው።

ይሄኔ ጃግሞሃን ባቡ "እኔ የምፈልገው ይቺን ነው" አሉ።

"ወድቃለች እኮ" አለ ትሪቬኒጂ።

"ግድ የለም። አንቺ ልጅ፣ ስንት ጡብ ትችያለሽ?"

"አሥራ ሁለት!" አልኩ በኩራት። ለምን እንደጠየቁኝ እንኳ አላሰብኩም፤ ደስታ ያሳውራል። ኦጃ ሳሂብም ሥራ ያገኘ ሰው ለሪፖርታቸው ስለሚያስፈልጋቸው እዚያው አሳለፉኝ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ላዱ የሚባለውን የደስታ ጣፋጭ አደለች።

ሰኞ ሰደርያዬን ለብሼ ሄድኩ። ሆቴሉ ገና ጣሪያ የለውም።

"ሰደርያሽ ያምራል። ጡቡ እዚያ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ታወጪዋለሽ" አለኝ ፎርማኑ።

ከድጡ ወደ ማጡ! እቶኑ ጋ እንኳ የምወጣው ደረጃ አልነበረም። ጡቡን ሳነሳው ደግሞ የኛ እቶን ምልክት አለበት። ተናደድኩ፣ ግን ያን ሁሉ ላዱ ካበላች በኋላ ለእናቴ በምን አፌ ልንገራት? "ምንድን ነው የምታቀርቡት?" ስትለኝ "ከባድ ከባድ ነገር" አልኳት።

በሦስተኛው ሳምንት ኦጃ ሳሂብ ፎቶ አንሺ አስከትለው መጡ።

"ሱጊያ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ለሪፖርት ነው፤ ያንን ጡብ አውርጂና ይቺን ትሪ ያዢ። ፈገግ በይ!"

ትሪው ባዶ ነው። እንደለመድኩት ሾርባው እንዳለ ላስብ? ካወረድኩት ጡብ አንዱን አንስቼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ። በኦጃ ሳሂብ ቀኝ በኩል ቀረብኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ፈገግ አልኩ።

"እንደታዘዘው፣ ጌታዬ።"

ደንግጠው ተቀበሉኝ፤ እጃቸው ወደ ታች ወረደ።

"ውይ! ይከብዳል እንዴ?"

"እናቴ የሠራችው ነው" አልኳቸው።