ዕቃ ዕቃ በግራሩ ሥር

እኔ በተወለድኩበት በመንዝ፣ ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ አባት የሚሆነው ልጅ ሊያርስ ይወጣ ነበር። ሁለት ድንጋይ በሬ ያደርግና ጓሮውን ዞሮ ይመለሳል። እኛ ሴቶቹ የጭቃ እንጀራ አቅርበን "ደከመህ?" እንለዋለን። ነገሌ ካምፕ ከገባሁ ወዲህ ግን አባት የሚያርስበት ጨዋታ አላየሁም። የወታደር ልጅ እርሻ ከየት አይቶ? እዚህ አባት ዘመቻ ነው የሚወጣው። የዱላ ጠመንጃውን ይሸከምና ከግራሩ ጀርባ ይደበቃል፤ እናትየዋ ጭቃ ጋግራ ትጠብቃለች፤ ሲመለስ እልል ይባላል። ጨዋታው ይኸው ነው።

ስድስት ዓመት የሞላት ልጄ እሙሽ ሁልጊዜ እናት እሷ ናት። ድስቷ የሥጋ ቆርቆሮ ነው። ልጆቿ ከተኩስ ሜዳ የለቀመቻቸው ቀለሆች ናቸው፤ በመደዳ ታስተኛቸዋለች፣ አንዱን ደግሞ "ይሄ ባለጌ ነው" ብላ ለብቻው ትቀጣዋለች። አባት የሚሆነው የጎረቤቴ የእትዬ ወለተሐና ልጅ ወልደሥላሴ ነው። እልልታው ግን የእኔ ሥራ ነው። ልጆቹ ሲያደርጉት ድምፃቸው ስለሚሰነጠቅ "እማዬ፣ እልል በዪልን!" ትለኛለች፤ ከተቀመጥኩበት እልል እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር።

ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ባለቤቴ አሥር አለቃ ቢረሳው ወደ ድንበር ከወጣ ሰንብቷል፤ እመለሳለሁ ያለበት ጊዜም አልፏል። መጀመሪያ ሰሞን ሌሊት እየተነሣሁ ውጭ ውጭውን አይ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት። እግር አጣጥፈው ብዙ ሲቀመጡበት እንደሚደነዝዘው ሆንኩ። እበላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ሰው ሲቀልድ እስቃለሁ፤ የምሠራው ሁሉ ግን የሌላ ሴት ሥራ ይመስለኛል።

ሐሙስ ዕለት ረፋድ ላይ አንድ ካሚዮን ከደቡብ መጥቶ ወደ መምሪያው ገባ። ማንም ወደ እኔ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ተቀምጬ ምስር ስለቅም፣ እትዬ ወለተሐና ትኩስ የሥጋ ወጥ በሳህን ይዘው መጡ። ጨው ሲሰጡ እንኳ ፊታቸው የሚከብድ ሴት ናቸው።

"ምሳ በልተሻል?" አሉኝ።

"በልቻለሁ፣ እትዬ።"

"ይሄንንም ብዪ። ነገ ዓርብ ነው፤ ጾም ነው። ዛሬ ደህና አድርገሽ ብዪ።"

ይህን ሁሉ ያሉት ግራሩን እያዩ ነው። ሳህኑን አጠገቤ አስቀምጠው ቶሎ ገቡ። እኔም ምነው ዛሬ ቸር ሆኑ ብዬ ወደ ምስሬ ተመለስኩ።

ልጆቹ ጨዋታቸውን ጀምረዋል። ወልደሥላሴ ጠመንጃውን ይዞ ከግራሩ ጀርባ ዞረ፤ ግን አልተደበቀም። መሬቱ ላይ በጀርባው ተዘረጋ። የባለሱቁ ልጅ ራሕማ ሻሿን ከራሷ ፈታ፣ ሴቶቻችን ለቅሶ ሲሄዱ ነጠላቸውን እንደሚያዘቀዝቁት አድርጋ ትከሻዋ ላይ ጣለችና አንገቷን ደፍታ ቀስ እያለች ወደ እሙሽ የድንጋይ ቤት መጣች።

"ገና እየጋገርኩ ነው። ለምን መጣሽ?" አለች እሙሽ።

"ዝም በይ፤ አባትየው ዱኤ" አለች ራሕማ። ሞተ ማለቷ ነው።

ወልደሥላሴ ከተኛበት ቀና ብሎ ጮኸ። "ገና ነው! አሁን አይነገራትም! ጎህ ሲቀድ ነው። አባዬ ለእማዬ እንደዚያ ነው ያላት። እስከዚያ ወጥ ትብላ ብሏል!"

ሳህኑን አየሁት። ቅቤው ከላይ መርጋት ጀምሯል።

እኛ የካምፕ ሰዎች ከልጅ የምንደብቀውን ነገር በኦሮምኛ ነው የምንነጋገረው። "አካም"፣ "ናጋ" ብለን ከገበያ የቃረምናት ስብርባሪ ናት፤ መርዶም ይሁን ሐሜት በእሷው እንንሾካሾካለን። ልጆቻችን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከከተማው ልጆች ጋር እየተጫወቱ ከእኛ በላይ አቀላጥፈው ይናገሩታል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ምስጢር ሲመጣ ግን እንረሳዋለን። የእትዬ ወለተሐና ባል ሃምሳ አለቃ በላይነህ የቢረሳው አዛዥ ናቸው፤ ካሚዮኑ ያመጣው ወሬ መጀመሪያ የደረሰው ለእሳቸው ነው። ወግ ጠብቀው፣ ሆዴ ባዶ እንዳይሆን ተጨንቀው፣ ሁሉን አሰናድተው ልጃቸውን ረሱት።

የያዝኩት ምስር ከእጄ አልወደቀም። አንዲት ጠጠር አግኝቼ አውጥቼ ጣልኳት። መጮህ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ጩኸቱ ግን የለም። የመጣልኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፦ አሁን ከጮህኩ እሙሽ አባቷን በጨዋታዋ መካከል ታጣዋለች፤ ከዚያ በኋላም ያ ግራር ግራር አይሆንላትም። እነ ሃምሳ አለቃ እኔን እስከ ንጋት ሊያቆዩኝ አስበው አልሆነላቸውም። ለእሷ ግን ይሆናል። ይህችን ከሰዓት እንኳ ማንም አይነጥቃትም አልኩ።

እሙሽ ወገቧን ይዛ ቆማለች። "እኔ እንዲህ አልጫወትም" አለች። "ተነሥ! ዳቦው ይቀዘቅዛል።"

"የሞተ ሰው አይነሣም" አለ ወልደሥላሴ።

"በእኔ ቤት ይነሣል።"

ወልደሥላሴ ትንሽ አሰበ። ራሕማን አየ፤ እሷም ትከሻዋን ሰበቀች። ተነሥቶ አቧራውን ከሱሪው አራገፈና ጠመንጃውን አንግቦ መጣ። እሙሽ የጭቃ ዳቦዋን በሁለት እጇ አቀረበችለት። ከዚያ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"እማዬ፣ አባት መጣ! እልል በዪልን!"

አልኩ። ድምፄ እንደ ሌላው ቀን ወጣ፤ እንዲያውም ረዘም አደረግሁት። እትዬ ወለተሐና ከቤታቸው ብቅ ብለው ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህች ምስኪን ምንም ሳታውቅ እልል ትላለች ብለው ነው። ወጡን እሙሽን እያጎረስኩ ሙልጭ አድርጌ በላሁት። ጣዕሙን አላስታውስም።

ጎህ ሲቀድ መጡ። ለብሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሃምሳ አለቃ በላይነህ ከፊት፣ የካምፑ ቄስ ከጎናቸው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። "ደመቀች" ብለው በስሜ ጠሩኝ ሃምሳ አለቃ፤ "እንግዲህ የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል። ጠንከር በይ። ቢረሳውን..." ከዚያ ያሉትን አልሰማሁም። የቀበቷቸውን ዘለበት አይ ነበር። ሴቶቹ ጩኸቴን ይጠብቃሉ፤ እንዲያግዙኝ እኔ መጀመር አለብኝ። አልመጣም። አንዷ "ምን ዓይነት ልብ ነው" ስትል ሰማኋት፤ አልፈረድኩባትም።

እሙሽ ከአንሶላው ሥር ወጣች። የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች አየች፣ ቄሱን አየች፣ ከዚያ ፊቷ በራ።

"ጋሼ በላይነህ፣ ይሄንን እኮ ትናንት ተጫውተነዋል" አለች። "አባትየው ተነሥቷል። እማዬም እልል ብላለች።"

እትዬ ወለተሐና አዩኝ። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ያን ጊዜ ጮህኩ፤ ሴቶቹም ተቀበሉኝ፤ ቤቱ ተናወጠ።

እሙሽ ሁለት እጇን ጉንጮቼ ላይ አድርጋ ፊቴን ወደ እሷ አዞረችው።

"እንዲህ አይደለም፣ እማዬ" አለችኝ። "እልል ነው የሚባለው።"